ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ፦ ተንቀሳቃሽ ላቫጆና የስደተኛው እንጀራ

እኛ ኢትዮጵያውያን በስደት ዓለም ስንገናኝ ወሬያችን አራት ኪሎ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ የትኛው ድርጅት ከየትኛው ጋር ተጣመረ እያልን ሌሊቱን እናነጋለን። ይህ አያስወቅሰንም፤ አገሩን የረሳ ሰው ራሱንም ረስቷል። ሆኖም ልጆቻችንን የምናሳድግበትንና ለወላጆቻችን ገንዘብ የምንልክበትን ሥራ የሚገዛው ሕግ የሚወጣው አራት ኪሎ አይደለም። የሚወጣው ብዙዎቻችን የአባላቱን ስም በማናውቀው የካውንቲና የከተማ ምክር ቤት አዳራሽ ነው። በዚያ አዳራሽ የሕዝብ ወንበር ላይ የእኛ ሰው ተቀምጦ ማየት ብርቅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ለዛሬ ይህን ነገር በአንድ ትንሽ ሥራ አስረጂነት ልንመለከተው ወደድን። ሥራው ተንቀሳቃሽ ላቫጆ ነው፤ አሜሪካኖቹ ሞባይል ዲቴሊንግ ይሉታል። “የአገር ጉዳይ እያለ የመኪና እጥበት ምን ሊረባን?” የሚል ወገን አይጠፋም። እስከ መጨረሻው እንዲያነበን እንጠይቃለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታክሲ ወደ ላቫጆ

እንደሚታወቀው በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲ መንዳት ለብዙ ዓመታት ከወገኖቻችን ዋና ዋና መተዳደሪያዎች አንዱ ነበር። በ2008 ከተማው የቆየውን የዞን ታሪፍ ትቶ ወደ ሜትር ገባ። በ2011 ደግሞ የታክሲዎችን ቁጥር የሚወስን፣ በኒው ዮርክ ያለውን የሜዳልያ ፈቃድ የመሰለ ሥርዓት ይምጣ የሚል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። አሽከርካሪዎቻችን በነቂስ ወጥተው ተቃወሙት፤ ረቂቁም ሳይጸድቅ ቀረ። መቃወማቸው ትክክል እንደነበር የኒው ዮርክ ታሪክ መስክሯል። እዚያ የአንድ ሜዳልያ ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ ተንኮታኮተ፤ በ2018 በዕዳ የተጨነቁ አሽከርካሪዎች ሕይወታቸውን አጠፉ፤ በ2021 ባልደረቦቻቸው 15 ቀን የረሃብ አድማ አድርገው ነው ከከተማው የዕዳ ቅነሳ ስምምነት ያገኙት።

ግን ያ ትግል ብቻውን አልበቃም። ኡበር በ2011 መጨረሻ ዲሲ ገባ። በጥቅምት 2014 የታክሲ አሽከርካሪዎች ፔንሲልቬንያ ጎዳናን በመኪና ቢዘጉትም ምክር ቤቱ በዚያው ወር ለነኡበር ሕጋዊ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወገን ታክሲውን ትቶ በአፕ ወደ መሥራት ገባ። አሁን ደግሞ ሾፌር አልባው መኪና እየመጣ ነው፤ ዌይሞ የተባለው ኩባንያ በ2026 በዲሲ አገልግሎት ለመጀመር ማቀዱን በመጋቢት 2025 አስታውቋል። ስለዚህ ወገኖቻችን “ቀጥሎስ ምን እንሥራ?” እያሉ ማማተራቸው የሚገርም አይደለም። ከሚያማትሩባቸው ሥራዎች አንዱ ተንቀሳቃሽ ላቫጆ ነው።

ሥራውና ስሌቱ

ሥራው ውጭውን አጥቦ መሄድ ብቻ አይደለም። ውስጡን በቫኪዩም መጥረግ፣ የወንበሩን እድፍ ማስለቀቅ፣ ቀለሙን ፖሊሽ ማድረግና ሰም መቀባት ሁሉ ያለበት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቫን፣ የውሃ ታንክ፣ በግፊት የሚያጥብ ማሽን፣ ጄኔሬተር፣ ቫኪዩም፣ ፎጣና ሳሙና ነው። የቤት ኪራይ የለውም፤ የተራቀቀ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ አለቃ የለበትም። በአነስተኛ ዕቁብ ሊጀመር ይችላል። ማራኪ የሆነውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የሚታየው ገቢ ሌላ፣ የሚቀረው ሌላ ነው። የምሳሌ ስሌት እንሥራ። አንድ ሰው በቀን ሁለት መኪና፣ እያንዳንዱን በ150 ዶላር፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል እንበል። በሳምንት 1,500 ዶላር ገባ። በቀን 60 ማይል ቢነዳ፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 በፈቀደው የ70 ሳንቲም የማይል ሒሳብ፣ የመኪናው ወጪ በሳምንት 210 ዶላር ነው። ለሳሙናና ለፎጣ በመኪና 15 ዶላር ቢወጣ 150 ዶላር ይሆናል። ለኢንሹራንስ፣ ለስልክና ለማስታወቂያ 100 ዶላር እንያዝ። የቀረው 1,040 ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ራሱ ስለሚከፍል መጣኔው 15.3 ከመቶ ነው፤ እዚህ ላይ 147 ዶላር ገደማ ይወስዳል። የገቢ ግብር ሳይነካው 893 ዶላር ቀረ።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ለአንድ መኪና ሦስት ሰዓት፣ በቀን ሁለት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ውሃ መሙላትና ደንበኛ ማነጋገር ቢባል በሳምንት 45 ሰዓት ነው። በሰዓት 20 ዶላር አይሞላም። የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በሐምሌ 2025 ወደ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከፍ ብሎ ነበር። ያውም ዝናብ ሲጥል፣ በረዶ ሲወርድ፣ ወገብ ሲይዝ የሚከፍል የለም፤ የሥራ አጥ መድንም፣ የሕመም ፈቃድም የለም። “የራሴ አለቃ ነኝ” የሚለው ኩራት ዋጋው በሰዓት ሁለት ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምንለው ሰውን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ከሥራው የሚያተርፉ አሉ። የሚያተርፉት ግን በቀን ብዙ መኪና ስላጠቡ ሳይሆን በአንድ ቦታ ብዙ መኪና ስላገኙ ነው፤ ማለትም የአንድ ሕንፃ ጋራዥ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ማቆሚያ፣ የአንድ ድርጅት መኪኖችን ውል ስለያዙ ነው። በመንገድ የሚጠፋው ሰዓት ይድናል፤ ማይሉም ይቀንሳል። ወደዚህ ውል የሚያስገቡት ሁለት በሮች ደግሞ ውሃና ኢንሹራንስ ናቸው።

ሁለቱ ቧንቧዎች

በአሜሪካ ከተሞች ሥር ሁለት ዓይነት ቧንቧ አለ። አንደኛው የመጸዳጃና የወጥ ቤት ፍሳሽን ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወስድ ነው። ሁለተኛው በመንገድ ዳር የምናየው የዝናብ ውሃ መግቢያ ሲሆን፣ የገባበትን ሳያጣራ ወደ ወንዝ ይለቀዋል። በዋሽንግተን ዲሲ ሲሶ በሚሆነው አሮጌ ክፍል ሁለቱ በአንድ ቧንቧ ይሄዳሉ፤ በቀረው ሁለት ሦስተኛ ግን የተለያዩ ናቸው። እዚያ በመንገድ ዳር የፈሰሰ የሳሙና ውሃ መድረሻው አናኮስቲያ፣ ፖቶማክና ገባሮቻቸው፣ ከዚያም ቼሳፒክ ቤይ ነው። ሳሙናው ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል፤ ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው የመዳብ ብናኝና ዘይቱም አብሮ ይሄዳል። ዕቃው ላይ “በተፈጥሮ የሚበሰብስ” ተብሎ የተጻፈበት ሳሙናም ቢሆን እስኪበሰብስ ድረስ ጉዳቱ ያው ነው፤ ጽሑፉ ወደ ዝናብ ቦይ ለማፍሰስ ፈቃድ አይሆንም።

የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1987 ሲሻሻል ከተሞች በዝናብ ቦያቸው ለሚያልፈው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጡና ተጠያቂ እንዲሆኑ አደረገ። በፌዴራሉ ደንብ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰው በመኖሪያ ቤቱ የግል መኪናውን ማጠቡ፣ ከተማው የብክለት ምንጭ ሆኖ ካላገኘው በቀር፣ እንዲከለክለው ከማይገደድባቸው ፍሳሾች ዝርዝር ውስጥ ተጽፏል። በክፍያ የሚያጥበው ሰው ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ቅዳሜ ጠዋት በደጁ ሲያጥብ ዝም የሚባልበት ያው መኪና፣ በያው ሳሙና፣ በያው ቦይ ላይ፣ የእኛ ወገን በገንዘብ ሲያጥበው ጥፋት ይሆናል።

ይህ ልዩነት ፍትሕ የጎደለው ይመስላል፤ ግን ምክንያት የለውም አንልም። ባለቤቱ በወር አንዴ ያጥባል፤ ባለሙያው በየቀኑ። ወንዙም የሁላችንም ነው፤ የወንዝ ብክለት ምን እንደሚያስከትል የአቃቂን ወንዝ የሚያውቅ አዲስ አበቤ አያጣውም። የእኛ ጥያቄ ደንቡ ለምን ኖረ ሳይሆን፣ ደንቡን የሚያስፈጽመው ከተማ ለሠራተኛው ምን መንገድ አዘጋጀለት የሚል ነው። ያጠበበትን ውሃ በቫኪዩም ሰብስቦ የት ወስዶ ይድፋው? በስንት ክፍያ? በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ይዞ? ይህን የሚመልሰው የአካባቢ መንግሥት ነው፤ ጠያቂ ከሌለ ደግሞ መልስ የለም።

እስከዚያው መፍትሔው ውሃውን መቀነስ ነው። በግፊት የሚያጥበው ማሽን በደቂቃ ሁለት ጋሎን ገደማ ያፈስሳል። ያለ ማለቅለቅ የሚያጥበው ፈሳሽ ግን ለአንድ መኪና ሁለት ጋሎን ያህል በባልዲ ይበቃዋል፤ ፎጣው ይነክራል፣ ያብሳል፣ መሬት ላይ የሚፈስ ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል። ክብደቱንም ማሰብ ነው፤ 100 ጋሎን ውሃ ወደ 380 ኪሎ ይመዝናል፣ ያን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ መዞር ነዳጅና ጎማ ይበላል። እጅግ የጨቀየ መኪና ሲመጣ ከሥሩ የሚነጠፍ ውሃ ያዥ ምንጣፍና የእርጥብ ቫኪዩም ያስፈልጋል፤ የተሰበሰበው ውሃ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወደ ቤት ፍሳሽ መስመር ይገባል። ይህን የያዘ ባለሙያ የጋራዥ ኃላፊ ፊት ሲቀርብ የሚሸጠው እጥበት ብቻ ሳይሆን ከቅጣት ነፃ መሆንን ነው።

ያልሸፈነው ኢንሹራንስ

ሁለተኛው በር ኢንሹራንስ ነው። ብዙ ሰው “ኢንሹራንስ አለኝ” ብሎ ይጀምራል። የትኛው? የግል መኪና ኢንሹራንስ በተለመደው ውል መኪናው ለንግድ ሲሠራ የደረሰን ጉዳት ሊገፋ ይችላል። አጠቃላይ የንግድ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የገዛም ቢሆን፣ ውሉ በእጅህ፣ በጥበቃህና በቁጥጥርህ ሥር ያለን የሰው ንብረት አይሸፍንም የሚል አንቀጽ አለበት። የላቫጆ ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ በእጁ ያለው የሰው ንብረት ነው። የ80,000 ዶላር መኪና ቀለም በፖሊሽ ማሽን ቢቃጠል የሚሸፍነው “ጋራዥ ኪፐርስ” የሚባለው የተለየ ኢንሹራንስ ነው። ይህን አንድ ቃል አለማወቅ የአምስት ዓመት ቁጠባ ሊያጠፋ ይችላል። ውሉን ከመፈረም በፊት ወኪሉን “የደንበኛ መኪና በእጄ ሳለ ቢጎዳ ማን ይከፍላል?” ብሎ መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

አፑና “ራሱን ቻይ” ሠራተኛ

ሦስተኛው ነገር ታክሲውን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ላቫጆን በስልክ አፕ ማዘዝ አዲስ አይደለም። ቼሪ የተባለ ድርጅት በ2011 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጀምሮት ነበር፤ ሳይዘልቅ ተዘጋና በ2013 በሊፍት ተገዛ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተተክተዋል። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ደንበኛው የአፑ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው አፑ ነው፣ ቫኑ፣ ሳሙናውና ኪሳራው ግን የሠራተኛው ነው።

በካሊፎርኒያ ከጥር 2020 ጀምሮ የጸናው ኤቢ 5 የተባለው ሕግ፣ ሠራተኛን “ራሱን የቻለ” ለማለት ሦስት መስፈርቶች ሁሉ ይሟሉ ይላል፤ ከአሠሪው ቁጥጥር ነፃ መሆን፣ ከአሠሪው መደበኛ ሥራ ውጭ መሥራት፣ የራሱ የቆመ ንግድ ያለው መሆን። የነኡበር ኩባንያዎች ግን በኅዳር 2020 በሕዝበ ውሳኔ ለራሳቸው ልዩ ቀዳዳ አስወጡ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2024 አጸናላቸው። ገንዘብ ያለው ሕጉን ሲጽፍ፣ የሌለው የተጻፈለትን ያነብባል።

እዚያው ካሊፎርኒያ ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክም አለ። በየላቫጆው ደመወዝ ይበላ ስለነበር በ2003 አንድ ሕግ ወጣ፤ ሰው ቀጥሮ መኪና የሚያሳጥብና ዲቴሊንግ የሚያሠራ ሁሉ በሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነሩ ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ለሠራተኛው ደመወዝ መያዣ የሚሆን የ15,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ አዘዘ። ከ2014 ጀምሮ ዋስትናው ወደ 150,000 ዶላር ከፍ አለ። ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የኅብረት ስምምነት የፈረመ አሠሪ ግን ከዋስትናው ነፃ ነው። ይህን ያስገኙት አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ፣ ብዙዎቹም የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው አጣቢዎችና ከጎናቸው የቆሙ ማኅበራት ናቸው። እንግሊዝኛ ባይችሉም አዳራሹ ውስጥ ገቡ። እኛስ?

የራሳችንንም ጉድ ሳናነሳ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። በቅርቡ የመጣ፣ የሥራ ፈቃዱን የሚጠብቅ ልጅ ይዞ “በመኪና ይህን ያህል እሰጥሃለሁ” እያለ ቀኑን ሙሉ አሠርቶ ከዝቅተኛው ክፍያ በታች የሚሸኝ ወገን አለ። በየአዳራሹ ስለ ፍትሕ የሚናገር ሰው ቫኑ ውስጥ ፍትሕ ሲነፍግ ማየት ያማል። የፌዴራሉ የሥራ ሰዓትና ክፍያ ሕግ የመኖሪያ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ሠራተኛ ይጠብቃል። “ወገኔ ነው፣ ረዳሁት” ማለት ደመወዝ አይተካም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዕቁብና ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ የሙያ ማኅበር ማቋቋም አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አሥር ባለ ቫኖች ቢደራጁ አንድ የውሃ መድፊያ ቦታ በጋራ ይዋዋላሉ፤ አንዱ ብቻውን የማይችለውን የሕንፃ ውል በጋራ ይጫረታሉ፤ አፑ ዋጋ ሲሰብር የሚመልሱበት ድምፅ ይኖራቸዋል።

ሁለተኛ፣ ያለንን መብት እንጠቀምበት። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለእንግሊዝኛ የማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከተሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ በልመና የመጣ ስጦታ ሳይሆን የሕግ መብት ነው። ያልተጠየቀ መብት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የዝናብ ቦይ ፈቃድ ለዘላለም አይሰጥም። ዘመኑ ከአምስት ዓመት አይበልጥም፤ ሲታደስም ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይወጣል። ለዲሲ ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። “በእጅ ለሚያጥበው ትንሽ ነጋዴ የተፈቀደ መድፊያ ይዘጋጅ፤ ከቅጣት በፊት ትምህርት ይቅደም” የሚል የአንድ ገጽ ደብዳቤ በሰላሳ ሰዎች ፊርማ ቢገባ ሳይነበብ አይታለፍም።

ይህን የማድረግ ችሎታ እንደሌለን አድርጎ የሚያወራ ሰው ታሪካችንን አያውቅም። በጥቅምት 2007 ኤች.አር. 2003 በአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው፣ ምንም እንኳ በመጨረሻ ሕግ ሳይሆን ቢቀር፣ በየግዛቱ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስልክ ስለ ደወሉ፣ ደብዳቤ ስለ ጻፉ፣ የተወካዮቻቸውን ደጅ ስለ ጠኑ ነው። በሚያዝያ 2018 ያለፈው ውሳኔ 128ም እንዲሁ። ለአገር ቤት ፖለቲካ የኮንግረስን በር ያንኳኳ ሕዝብ፣ ለራሱ እንጀራ የካውንቲ ምክር ቤትን በር ማንኳኳት ሊያቅተው አይገባም።

ሁለቱ ትግሎችም አይጣሉም። በሳምንት ስድሳ ሰዓት የሚለፋ፣ ያለ ኢንሹራንስ የሚሠራ፣ አንድ ጭረት ዕዳ ውስጥ የሚከተው ሰው ለአገሩም ጊዜና ጉልበት አይተርፈውም። የእኛ የፖለቲካ አቅም የሚለካው በስብሰባ አዳራሽ ጩኸት ብቻ ሳይሆን በኪሳችን ጽናትና በምንኖርበት ከተማ በምናሳርፈው ክብደት ጭምር ነው። የካውንቲ ተመራጭ ሰላሳ የተደራጁ ባለ ቫኖች ፊቱ ቢቆሙ ስማቸውን ይጽፋል፤ ነገ ስለ አገራችን ጉዳይ ድጋፉን ስንጠይቀውም ማን እንደሆንን ያውቃል።

የታክሲው ሕግ ሲጻፍ ያሰማነው ጩኸት ብርቱ ነበር፤ ግን አብዛኛው ረቂቁ ከወጣ በኋላ የመጣ ነው። የላቫጆው ገና ነው፤ የጎርፉ ደንብ ይታደሳል፣ አፖቹ ይስፋፋሉ፣ የከተማ ምክር ቤቶችም ስለዚህ ሥራ መነጋገራቸው አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖች ከወዲሁ ተሰባሰቡ፤ የቀረነውም የአካባቢያችን ምክር ቤት ቀጣይ ስብሰባ መቼ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ሄደንም እንቀመጥ።

ቸር ይግጠመን።